ከፈራኢድ እስከ ቺንጋ፦ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ስለሚፈልገው ሒሳብ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ የሚሞላበት ሰሞን ሲደርስ ከሰላት በኋላ በር ላይ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሜካኒካል ልገባ አስቤ ነበር፤ ግን ሒሳቡ እንዴት ነው?» እስከ አሁን ጫማችንን እያደረግን «አይዞህ፣ አይዞሽ፣ ይቻላል» ብለን ነበር የምናልፈው። «አይዞህ» መልካም ቃል ነው፤ መልስ ግን አይደለም። መልሱን ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ ያነሳሳን የአንድ ጓደኛችን ጉዳይ ነው።

ይህ ወንድማችን ከአጋሮ በኩል የመጣ ነው። አባቱ በአንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ማሽን ያንቀሳቅሳሉ፤ እሱም በለቀማ ወቅት ከማሽኑ ሥር ነው ያደገው። ኩሽኔታ ሊበላሽ ሲል ገና ከድምፁ ያውቀዋል። የላላ ቺንጋ በእጁ ነካ አድርጎ «ይህ እስከ ነገ አያደርስም» ይላል፤ አያደርስምም። ከመካከላችን ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ሒሳብ ወድቆ ከትምህርቱ ተሰናበተ። እኛም ከጥፋቱ ድርሻ አለን። ሲጨንቀው ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ሰብስበን ሰጥተነው «ይህን በቃልህ ያዝ፤ ከዚህ አይወጣም» ያልነው እኛ ነን። ፈተናው እውነትም ከዚያ አልወጣም። ቁጥሮቹ ግን ተቀይረው መጡ።

እሱ ሻንጣውን ይዞ ከሄደ በኋላ ምሽት ላይ ተቀምጠን የራሳችንን የፈተና ወረቀቶች አንድ በአንድ አየናቸው። ማርክ የጠፋብን የት ነው? ኢንቴግራሉ ላይ ይሆናል ብለን ነበር የጠበቅነው። አልነበረም። ኢንቴግራሉን በትክክል ጀምረን ክፍልፋይ ስንደምር ተሳስተናል። ዴሪቬቲቩን አውጥተን ቅንፍ ስንፈታ የመቀነስ ምልክት ጥለናል። ሳይንና ኮሳይንን አቀያይረናል። ከዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ይልቅ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ነበር የጣለን።

በወረቀት ደረጃ የሚፈለገው ሒሳብ ብዙ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ሒሳብ አለ፤ ከዚያ አፕላይድ ማቴማቲክስ በየደረጃው ይከተላል፦ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንቴግራል፣ ቬክተርና ማትሪክስ፣ ከአንድ በላይ ቫሪያብል ያላቸው ፈንክሽኖች፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን። በኋላ ፕሮባቢሊቲና ኒውሜሪካል ሜተድስ ይመጣሉ። ስታቲክስ፣ ዳይናሚክስ፣ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ የሚባሉት ሁሉ እነዚህን መሣሪያዎች አንስተው የሚሠሩ ናቸው። አስተማሪው ደግሞ መሣሪያው በእጃችሁ እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚጀምረው።

ከክፍልፋይ እንጀምር። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ፈራኢድ ሲባል ያውቃል። አንዲት ሴት ልጅም አባትም ሳይኖራት፣ ባሏንና ሁለት የእናት የአባት እህቶቿን ትታ ሞተች እንበል። በሱረቱ ኒሳእ 12ኛ አንቀጽ መሠረት የባል ድርሻ ግማሽ ነው፤ በ176ኛው አንቀጽ መሠረት የሁለቱ እህቶች ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነው። ግማሽ ማለት 3 ስድስተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ ማለት 4 ስድስተኛ ነው፤ ሲደመሩ 7 ስድስተኛ ይሆናሉ። ከሙሉው በለጠ። ፉቀሃዎች እዚህ ላይ ዐውልን ይጠቀማሉ፤ ታችኛውን ቁጥር ከ6 ወደ 7 ከፍ ያደርጉታል። ባል 3 ሰባተኛ፣ እህቶች 4 ሰባተኛ ያገኛሉ። ውርሱ 42 ፈረሱላ ቡና ከሆነ ባል 18፣ እያንዳንዷ እህት 12 ፈረሱላ ትወስዳለች። ልብ በሉ፦ የ3 ለ4 ምጥጥኑ አልተነካም፤ ድምሩ ብቻ ወደ ሙሉ ተመለሰ። ቴርሞዳይናሚክስ ላይ የጋዝ ድብልቅ ሲመጣ፣ ቬክተርን ርዝመቱ 1 እንዲሆን ስታደርጉት፣ የምትሠሩት ይህንኑ ነው። በመድረሳ ይህን በጣቱ ሲቆጥር ያደገ ልጅ «ኖርማላይዝ» የሚል ቃል ሰሌዳ ላይ ሲያይ የሚደነግጥበት ምክንያት የለም።

ግንኙነቱ ከእኛ የመጣ ፈጠራም አይደለም። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አልኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ820 አካባቢ በባግዳድ ስለ አልጀብርና አልሙቃበላ የጻፈው መጽሐፍ ሰፊ ክፍሉ የኑዛዜና የውርስ ስሌት ነው። «አልጀብር» ማለት የተሰበረን መጠገን፣ ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት ለሚጠግን ሰውም የሚነገረው ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ነው። በአንድ ወገን የተቀነሰውን ወደ ሌላው ወገን በመደመር ስንመልስ «ጀብር» አደረግን ማለት ነው። በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር ማጣፋት ደግሞ ሙቃበላ ነው። ስታቲክስ ክፍል ውስጥ ፍሪ ቦዲ ዲያግራም ሠርተን ፎርሶቹን ዜሮ ጋር ስናስተካክል የምንሠራው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው።

ከዚያው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዘመኑ ሰዎች የማይታወቀውን ቁጥር «ሸይእ»፣ ማለትም «ነገር» ይሉት ነበር፤ እኛም «ሸ» እንበለው። የሸ ካሬ ሲደመር 10 ሸ፣ እኩል ይሆናል 39። ብዙዎቻችን ይህን ስናይ የምናስታውሰው በቃል የያዝነውን ረጅሙን ፎርሙላ ነው። አልኸዋሪዝሚ ግን በሥዕል ነው ያሳየው። ጎኑ ሸ የሆነ ካሬ ሣሉ። 10 ሸን ለሁለት ከፍላችሁ ስፋታቸው 5፣ ርዝመታቸው ሸ የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎችን ከካሬው ሁለት ጎኖች ጋር አያይዙ። አንድ ማዕዘን ይጎድላል፤ እሱም 5 በ5፣ ማለትም 25 ነው። 39 ላይ 25 ጨምሩ፤ 64 ይሆናል። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ 5 ሲቀነስለት ሸ 3 ሆነ። በቃ። ይህን ሥዕል አንዴ የሣለ ሰው ፎርሙላው ቢጠፋበት ራሱ ያወጣዋል። ወደፊት ላፕላስ ትራንስፎርም ላይ ስትደርሱም ይህችው የጎደለች ማዕዘን ትጠብቃችኋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የአልኸዋሪዝሚን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ «አልጄብራ የእኛ ነው» ማለት በግቢያችን የተለመደ ነው። እኛም ለጥፈናል። ግን ፖስተሩ ከለጠፍነው ሰዎች አንዳችንንም ከኤፍ አላዳነም።

ቀጥሎ ትሪጎኖሜትሪ። የቀድሞ ሙስሊም ሊቃውንት በዚህ ዘርፍ ብዙ የደከሙበት አንዱ ምክንያት ቂብላ ነው። ጅማ በግምት በሰሜን ኬክሮስ 7.67፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36.83 ዲግሪ ላይ ናት። መካ 21.42 እና 39.83 ላይ ናት። የኬንትሮስ ልዩነቱ 3 ዲግሪ ነው። በስፌሪካል ትሪጎኖሜትሪ ሲሠራ የጅማ ቂብላ ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 11.6 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ካልኩሌተሩን የያዘ ሰው ይሞክረው፦ ላይኛው የ3 ዲግሪ ሳይን ነው። ታችኛው የጅማ ኬክሮስ ኮሳይን ሲባዛ በመካ ኬክሮስ ታንጀንት፣ ከዚያ ላይ የጅማ ኬክሮስ ሳይን ሲባዛ በ3 ዲግሪ ኮሳይን ይቀነስለታል። የክፍፍሉ ውጤት የቂብላው ታንጀንት ነው፤ 0.205 አካባቢ ካገኛችሁ በትክክል ሠርታችኋል። 4 ወይም 5 ካገኛችሁ ላይና ታቹን ገልብጣችሁታል። እንግዳ ቁጥር ካገኛችሁ ደግሞ ካልኩሌተራችሁ ራዲያን ላይ ነው፤ ፈተና ላይ ስንቶቻችንን ያዋረደ ነገር ነው።

ለሜካኒካል ተማሪ ግን የዕለት ተዕለቱ ትሪጎኖሜትሪ ከዚህ ይቀላል። በጅማ የቡና መጋዘኖች ደጅ ኢሱዙ ሲጫን አይታችኋል። የመኪናው ጭነት ማስቀመጫ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ይላል እንበል፤ 60 ኪሎ ቡና የያዘ ጆንያ 2.4 ሜትር በሚረዝም ጣውላ ላይ ይገፋል። 1.2 ለ2.4 ሲካፈል 0.5 ነው፤ ሳይኑ 0.5 የሆነ ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው። ሰበቃን ለጊዜው ትተን፣ ጆንያውን ለመግፋት የሚያስፈልገው 60 ሲባዛ በ9.81 ሲባዛ በ0.5፣ ማለትም 294 ኒውተን ያህል ነው። ጣውላውን እጥፍ፣ 4.8 ሜትር ብናደርገው ሳይኑ 0.25 ይሆናል፤ ፎርሱም 147 ኒውተን ብቻ።

ታዲያ ለምን ሁሉም ረጅም ጣውላ አይጠቀምም? ጫኞቹ ያውቁታል፤ ረጅሙ ጣውላ ይጎብጣል። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ላይ እንደምትማሩት በሁለት ጫፉ የተደገፈና መሐሉ ላይ የተጫነ ነገር የሚጎብጠው በርዝመቱ ኩብ መጠን ነው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ጣውላው ስለተኛም ከክብደቱ ጣውላውን ቀጥ ብሎ የሚጫነው ክፍል ይጨምራል፤ እሱን ስንደምርበት ወደ 9 እጥፍ ይጠጋል። ይህ «ኩብ» የመጣው ከየት ነው? ጉብጠትን የሚገልጸውን ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ደጋግሞ ኢንቴግሬት ከማድረግ ነው። ኢንቴግራል ምን ይሠራል ለሚል ሰው ከጣውላው በላይ ምስክር የለንም።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያስፈራው፣ ለእኛ ግን ከሁሉ ወደሚጥመን ነገር ደረስን። ከጀበና የተቀዳ አንድ ስኒ ቡና 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ነው። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቡናው 65 ሆነ። ከሌላ 5 ደቂቃ በኋላስ? «15 ስለቀነሰ ሌላ 15 ቀንሶ 50» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። እኛም ያልነው ይህንን ነበር። ነገር ግን የመቀዝቀዝ ፍጥነት ከክፍሉ ጋር ባለው ልዩነት መጠን ነው፤ ልዩነቱ ሲያንስ ፍጥነቱም ያንሳል። ልዩነቱ መጀመሪያ 60 ነበር፣ 45 ሆነ፤ ሦስት አራተኛው ቀረ። በሚቀጥሉት 5 ደቂቃዎችም ከ45ቱ ሦስት አራተኛው፣ 33.75 ይቀራል። ስለዚህ ቡናው 53.75 ዲግሪ ነው። «የለውጡ ፍጥነት ከራሱ ከመጠኑ ጋር ይመጣጠናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሒሳብ ሲጻፍ የመጀመሪያው ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው። መልሱም ኤክስፖኔንሻል ነው።

አልጋ ላይ የተሰጣ የታጠበ ቡናም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርጥበቱ ቶሎ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ያቺ የቀረችው እርጥበት አልወጣ ብላ ሰው ታሰለቻለች። ቤተሰቦቻችን ይህን ለትውልድ ያውቁታል፤ ኤክስፖኔንሻል ብለው አልጠሩትም እንጂ።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ባለፈው የለቀማ ወቅት ደወለልን። አሁን ከአባቱ ጋር ማሽኑ ላይ ይሠራል። በናፍጣ ሞተሩ ፋንታ በደቂቃ 1440 ጊዜ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥመዋል፤ የመፈልፈያው ከበሮ ግን 160 ጊዜ ብቻ እንዲዞር ይፈልጋሉ። 1440 ለ160 ሲካፈል 9 ነው። ሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከበሮው ላይ 108 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ፑሊ አሠርተው በአንድ ጠፍጣፋ ቺንጋ አያያዟቸው። በሁለቱ መሐል ያለው ርቀት 80 ሴንቲ ሜትር ነበር። ቺንጋው ትንሹ ፑሊ ላይ ይንሸራተታል። «ሞተሩን ወደ ኋላ ስቤ 120 ላይ ሳስረው ተሻለው» አለን። «የደወልኩት ለምን እንደተሻለው ንገሩኝ ልላችሁ ነው።»

ሰሌዳ ይዘን ተቀመጥን። በአጭሩ እናሳያችሁ፤ ሦስቱም የሒሳብ ዓይነቶች እዚህ ይገናኛሉና። ቺንጋው ትንሹን ፑሊ ምን ያህል አቅፎታል? የዲያሜትሮቹ ልዩነት 96 ነው፤ ለርቀቱ እጥፍ፣ ለ160 ሲካፈል 0.6 ነው። ሳይኑ 0.6 የሆነው ማዕዘን 36.9 ዲግሪ ነው። የእሱን እጥፍ ከ180 ስንቀንስ ቺንጋው ያቀፈው 106 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም 1.85 ራዲያን ብቻ ሆነ። ርቀቱ 120 ሲሆን 96 ለ240 ሲካፈል 0.4 ነው፤ እቅፉም ወደ 133 ዲግሪ፣ 2.32 ራዲያን አደገ። ይህ ትሪጎኖሜትሪ ነው።

ቺንጋው ፑሊውን አቅፎ ሲዞር በእያንዳንዷ ትንሽ ማዕዘን ላይ የውጥረቱ ጭማሪ ከውጥረቱ ከራሱ ጋር ይመጣጠናል። ቀና ብላችሁ የስኒውን ቡና እዩ፤ ያው ኢኩዌሽን ነው! ስለዚህ የጠባቂው ወገን ውጥረት ለላላው ወገን ሲካፈል ኤክስፖኔንሻል ይወጣል፦ 2.718 የሚባለው ቁጥር ከፍ የሚልበት ፓወር የሰበቃው ኮኤፊሸንት ሲባዛ በራዲያኑ ነው። ኮኤፊሸንቱን 0.3 እንበልና፣ በ80 ሴንቲ ሜትር ርቀት 1.74 ይወጣል፤ በ120 ሴንቲ ሜትር 2.0። ከውጥረቱ ለሥራ የሚውለው የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው አቀማመጥ ከጠባቂው ወገን ውጥረት 43 በመቶው ያህል ነበር የሚሠራው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲሳብ ግማሹ ሆነ። ይህ ካልኩለስና አልጄብራ ነው።

ከዚያ ሌላ ምክር ሰጠነው። 9ን በአንዴ ከመቀነስ 3 በ3 ማለትም ሁለት ደረጃ ቢያደርገው ይሻላል፤ መሐል ላይ አንድ ተጨማሪ ዘንግ ገብቶ 12 ሴንቲ ሜትር ከ36 ጋር፣ ከዚያም ሌላ 12 ከሌላ 36 ጋር። ፍጥነቱ ከ1440 ወደ 480፣ ከ480 ወደ 160 ይወርዳል። በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብቻ እቅፉ 157 ዲግሪ ይሆናል፤ የሚሠራው ውጥረትም 56 በመቶ ይደርሳል። ስልኩን ይዞ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «ይህ ሁሉ ያ አፕላይድ ውስጥ ነበር?» አለ። ምን ብለን እንደምንመልስለት አላወቅንም። ኢስማዒል አልጀዘሪ ማሽኖቹን የገለጸበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1206 ሲያጠናቅቅ ካልኩለስ አልነበረም፤ እየሠራና እየሞከረ ነበር ያንን ሁሉ የውሃ ማንሻ የሠራው። የጓደኛችን እጅ ከዚያ ወገን ነው። የጎደለው ሸርሑ ብቻ ነበር።

ሸርሕ ያልነው በምክንያት ነው። መድረሳ ውስጥ ሰፊናን በቃሉ የያዘ ልጅ «ፊቅህ ተማርኩ» አይልም፤ መትኑን ያዘ እንጂ። ኡስታዙ ዘንድ ተቀምጦ ሸርሑን ሲሰማ ነው ተማረ የሚባለው። ፎርሙላ መትን ነው፤ ከየት እንደመጣ ማወቅ ሸርሑ ነው። ቁርኣንን ሒፍዝ ማድረግ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አማና ነው፣ አንድም አይቀየርም። ፎርሙላ ላይ ግን ቁጥሩም፣ ሥዕሉም፣ ጥያቄውም ይቀየራል። የሒፍዝን ልማድ ያለ ቦታው አምጥተን ነው ጓደኛችንን የጎዳነው።

ከመድረሳ ሌላም የምንወስደው አለ። ከሸይኹ ፊት እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይቀራል፤ ያነበበው ገጽ ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ክፍሉ ሲያልፍ እኛም አብረን አለፍን፤ ክፍልፋይ ያልገባው 9ኛ ክፍል ገባ፣ ሎጋሪዝም ያልገባው 12ኛን ጨረሰ። ስለዚህ የምንመክረው ምክር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል፦ የ9ኛ ክፍልን የሒሳብ መጽሐፍ አንሡ። ከገጽ 1። መልመጃውን ሳትጨርሱ አትሻገሩ። እኛ ከሱብሒ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ገጽ እያነበብን በአንድ የክረምት ዕረፍት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ጨርሰናል፤ አፍረንም አልሞትንም። በዚህ ነገር የቀደመችን ከእህቶች ሐለቃ አንዲት እህት ናት፤ ከእኛ በፊት ጀምራ እስካሁን የስህተት ደብተር ትይዛለች። የተሳሳተችውን ጥያቄ ብቻ ነው የምትጽፍበት፤ በየጁሙዓው ሙራጀዓ ታደርገዋለች።

ቋንቋም አለ። ብዙዎቻችን በአፋን ኦሮሞ «ሄሬጋ» ብለን ጀምረን፣ መድረሳ ውስጥ በዐረብኛ ቆጥረን፣ ሃይ ስኩል ላይ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገርን። ጥያቄው የከበደን ሒሳቡ ሆኖ ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩ አልገባ ብሎን የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጥያቄውን መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ ለጓደኛችሁ ንገሩት፤ ሥዕሉን ሣሉ፤ ከዚያ አስሉ።

ስለ ዩኒት ጥቂት። አንዴ አሳይንመንት ላይ የአንድ ዘንግ ዲያሜትር 3 ሜትር ነው ብለን አስረክበናል፤ ሚሊ ሜትር ረስተን። መልስ ሲወጣ ማየት ልመዱ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታዩት የግልገል ጊቤ ውሃ ጥሩ መለማመጃ ነው። 184 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው ከግልገል ጊቤ አንድ የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ግልገል ጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በሰከንድ ስንት ውሃ ያስፈልገዋል? 420 ሚሊዮንን ለ1000፣ ለ9.81 እና ለ500 ብታካፍሉ 86 ሜትር ኩብ ያህል ይወጣል፤ ብክነት ስላለ እውነተኛው ከዚህ መብለጥ አለበት። 86 ሺህ ወይም 0.086 ካገኛችሁ «ሜጋ»ዋን ፈልጉ።

ማትሪክስና ፕሮባቢሊቲን እዚህ አናነሳቸውም፤ እኛ እንዳየነው መሠረቱ ያለው ሰው አይወድቅባቸውም። ስለ ኢማጂነሪ ቁጥር ብቻ፣ ሁሌ «ምን ይሠራል?» ስለሚባል፦ በስፕሪንግ ላይ የተቀመጠ ማሽን ሲንቀጠቀጥ የሚወጣው ኢኩዌሽን መጨረሻው የአልኸዋሪዝሚ ዓይነት የካሬ ጥያቄ ነው። መልሱ ሪል ቁጥር ከሆነ ማሽኑ ሳይወዛወዝ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኢማጂነሪ ከገባበት ይወዛወዛል። የመፈልፈያው ወለል እግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ ያ ቁጥር ነው።

ጓደኛችን ለመመለስ ማመልከቻ አስገብቷል። እስከዚያው የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ ማታ ማታ የሠራውን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልክልናል፤ እኛም እናርማለን። ባለፈው ሳምንት ከመልመጃው ጋር ሌላ ጥያቄ ላከ። ሁለት ደረጃ አድርጎ ገጥሞታል፤ የመጀመሪያው ቺንጋ ጸጥ ብሎ ይሠራል፤ ሁለተኛው ግን ይንሸራተታል። ፑሊዎቹ እኩል ናቸው፣ ርቀቱም እኩል ነው፣ እቅፉም እኩል ነው። ታዲያ ሁለተኛው ለምን? ፍንጭ እንስጣችሁ፦ ሁለቱም ቺንጋዎች የሚያስተላልፉት ፓወር እኩል ነው፤ ፓወር ደግሞ ፎርስ ሲባዛ በፍጥነት ነው፤ ሁለተኛው ቺንጋ በመጀመሪያው ሲሶ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የ3 ለ1 ምጥጥኑ ሳይነካ በ12ቱና በ36ቱ ፋንታ ስንት በስንት ፑሊ ትመርጡለታላችሁ? መልሳችሁን ከነሥዕሉ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ወደ ሐለቃው ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ ማታውኑ እንልክለታለን።